እማማ ሳይሞቱ የደረስነው ለቅሶ

በሕይወቴ ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ያልሞተ ሰው ለቅሶ የደረስኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ብቻዬን አልሄድኩም፤ አክስቴን፣ ከታች የምትኖረውን ጴንጤ ጎረቤቴንና አንድ ድስት ንፍሮ ይዤ ነው።

ነገሩ የሆነው ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ከተማ ነው፣ ቤንዚን ጣራ በነካበት በ2008 ሰመር። እኔና አክስቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። ከግድግዳው ማዶ አንድ የቬትናም ቤተሰብ አለ፦ ባል፣ ሚስት፣ አሥር ዓመት የሆናት ልጃቸውና የባልየው እናት። እናትየውን እኛ "እማማ" ነው የምንላቸው። ስማቸውን ሦስት ጊዜ ነገሩን፤ ሦስቴም አበላሸነው። በመጨረሻ እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው እማማ ስንላቸው ዞር ማለት ጀመሩ።

የእማማ ልጅና እኔ ግሬፕቫይን ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ነበር የምንሠራው፤ እሱ ሜንቴናንስ፣ እኔ ላውንደሪ። የኔዋ መኪና ትራንስሚሽኗ ሞቶ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከቆመች ጀምሮ በሱ ፒካፕ ነበር የምመላለሰው። ሰውዬው የለየለት ካውቦይ ነው። ቡት ያደርጋል፣ ሰፊ ባርኔጣ ይደፋል፣ የቀበቶው ዘለበት የሻይ ማቅረቢያ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርኪንጉ ላይ ስጋ ያጨሳል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ? እዚያው ቴክሳስ ተወልደው ያደጉት ነጮች እንኳ እንደሱ ቴክሳስ አልነበሩም። እናቱ በቬትናምኛ ሲያናግሩት በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው፤ እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛቸው "ኖ" እና "ኩፖን" ነው። እንዴት እንደሚግባቡ አላህ ይወቀው።

አንድ አመል ነበረው። ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ወዲያው አይነዳም። ዞር ብሎ ባዶውን የኋላ ወንበር ያይና "ሁሉም ገብቷል?" ይላል።

"አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ነን እኮ!" እለዋለሁ። "ማን እንዲቀርብህ ነው?"

"አመል ነው" ይላል። "ቤልትሽን እሰሪ።"

በየቀኑ እንዲህ ነው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ "የኋለኞቹ ደህና አደራችሁ?" እያልኩ ባዶ ወንበር ሰላም እላለሁ። እሱ አይስቅም። ቀልድ የማይገባው ሰው ነው ብዬ ነበር የደመደምኩት።

አክስቴና እማማ የተዋወቁት በስርቆት ነው። እማማ ባልኮኒያቸው ላይ በቀለም ባልዲ የተከሉት ቅጠል ነበር። አክስቴ ከደሴ በመጣች በሁለተኛው ቀን አፍንጫዋን ቀስራ "በሶብላ! ወላሂ በሶብላ ነው!" ብላ ጮኸች። ግንዱ ሐምራዊ ነው፣ ትንሽ ይለያል፤ ዘመድነቱን ግን ሽታው ይናገራል። ታዲያ እንደ ጨዋ ሰው በር አንኳኩታ መጠየቅ ሲገባት በብረቱ መሃል እጇን እያሾለከች መቀንጠስ ጀመረች። ሦስተኛው ቀን ላይ ተያዘች። እማማ መቀስ ይዘው ወጡ። አክስቴ፣ የሌባ ቅጣት ምን እንደሆነ ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። እማማ ሙሉ እቅፍ ቆርጠው ሰጧት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ። አንዷ በወሎ አማርኛ፣ አንዷ በቬትናምኛ። እማማ ምራታቸውን የሚያሙ ይመስለኛል። አክስቴ ምራት ስለሌላት እኔን ታማለች። ሁለቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሙሉ በሙሉ ይስማማሉ።

ስለ አክስቴ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በወጣትነቷ በደሴ ዙሪያ ስሟ የተጠራ አልቃሽ ነበረች። እስላም ሞተ፣ ክርስቲያን ሞተ፣ እሷ ሙሾ ሳታወርድ ቀብር ቀብር አይመስልም ነበር። ኋላ ሼኩ ክልክል ነው ብለው ገሠጿትና ተወች። ማለቴ፣ በአፏ ተወች። እቃ ስታጥብ ግን ለማን እንደሆነ ያልታወቀ ግጥም ስትገጥም እሰማታለሁ። የሆነ ቀን እንደሚፈነዳባት አውቅ ነበር።

ጣጣው የመጣው ካውቦዩ ሌዊስቪል የምትባል ሌላ ከተማ ላይ ቤት ሲገዛ ነው። ያኔ ባንኮች ከሰው የነጠቁትን ቤት በርካሽ ይቸበችቡ ነበር። ባለ ጓሮ ቤት፣ ባለ ሁለት መኪና ጋራዥ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ችግሩ እማማ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ያቆሟት ቀይ መደርደሪያ ናት። በላይዋ የሟች ባላቸው ፎቶ አለ። ከፎቶው ፊት ብርቱካን፣ አንድ ሲኒ ሻይ፣ ምግብ ሲቀርብ ደግሞ በትንሽ ሳህን ሩዝ ይቀመጣል። ቋሚ የሚበላው ሟች ከቀመሰ በኋላ ነው። የልጅቷ ጓደኞች ሊጫወቱ መጥተው ይህን አዩና በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ "እነሱ ቤት የሞተ ሰው ይበላል" ብለው አወሩባት። ልጅቷ እያለቀሰች መጣች። አባት ወሰነ፦ መደርደሪያዋ አዲሱ ቤት አትገባም፤ ፎቶው አልበም ውስጥ ይቀመጥ።

እማማ ደግሞ "እንግዲያው እኔም አልገባም" አሉ። "እዚሁ ከባሌ ጋር እቀራለሁ።"

የአፓርታማው የኪራይ ውል ወር ሳይሞላው ያልቃል። ሰባ ያለፋቸው፣ መኪና የማይነዱ፣ "ኖ" እና "ኩፖን" ብቻ የሚያውቁ ሴት ብቻቸውን ሊቀሩ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረኝ መኪና ውስጥ ነው። ነግሮኝ ሲያበቃ "አንቺ ምን ትያለሽ?" አለኝ።

እውነቱን ልናገር። በሰው መኪና የሚሄድ ሰው የራሱ አስተያየት የለውም። ወጪት ሰባሪ ላለመሆን ብዬ "እኔ ብሆን አወልቀዋለሁ" አልኩት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አልቆምኩም። "የሞተ ሰው አይርበውም፤ አሜሪካ ገብተህ ይሄን ሁሉ ምን አመጣው? ጣለው!" ብዬ ጨመርኩለት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ምሳ የሚጋብዘኝ ሁሉ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት በግድግዳው በኩል ጭቅጭቅ ሰማን። እማማ በቬትናምኛ፣ እሱ በእንግሊዝኛ። መሃል ላይ "ጎረቤታችን እንኳ ጣለው ብላኛለች!" ሲል ሰማሁት። ክው አልኩ። አክስቴ "ምን አለ?" አለችኝ። "ስለ ቆሻሻ መጣያው ነው" አልኳት። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሐሙስ እማማ ደረጃው ላይ አልወጡም። ዓርብ ልጅየው ሥራ አልመጣም፤ ደጋግሜ ኮል ባደርግለት አያነሳም። አክስቴ ባልኮኒውን አይታ "በሶብላው ውሃ አላገኘም፤ ጠውልጓል" አለች። እኔ ስልኬን አንስቼ እንደገና ደወልኩ። 

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና በመኪና ላይ እየመጣ ፓርክ ማድረግ ጀመረ። ጥቁር የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ሳህን የተሸከሙ ሴቶች። ልጅየው ባርኔጣውን እንዳደረገ ታጣፊ ወንበር ተሸክሞ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሩ ላይ ጫማ ተቆልሏል። የእጣን ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ዘፈን የለም፣ ሳቅ የለም።

አክስቴ በመስኮት እያየች ነበር። "ወንበር ገባ" አለች። "ጫማ ደጅ ቀረ። ዘፈን የለም። ልጄ፣ ይሄ ለቅሶ ነው።"

"ማን ሞቶ?" አልኩ፤ እያወቅኩት።

"ማን ይሆናል? እማማ ናቸው እንጂ! የበሶብላው እመቤት!"

 በልባቸው ስብራት ሞቱ፣ ያውም በኔ ምላስ ነው የሞቱት። ለአንድ ሊፍት ብዬ ሰው ገደልኩ። ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ሁለት ለቅሶ ይሆን ነበር።

ለቅሶ ባዶ እጅ አይኬድም። ስንዴ ለመቀቀል ጊዜ ስላልነበረ ሁለት ቆርቆሮ ሽንብራ ከበቆሎ ጋር አንድ ላይ አፍልቼ ንፍሮ ነው አልኩት። የታችኛዋን ጎረቤቴን ጠራኋት። ሰው አዛኝ ናት፤ አንድ ካርቶን ውሃ ተሸክማ "ጌታ ያጽናቸው" እያለች ወጣች። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትቆም ፊቷን አየሁት። ሃያ ዓመት የታሰረ ሰው ፊት ነው።

"አክስቴ፣ ሼኩ እኮ..." አልኳት።

"ሼኩ ለእስላም ሬሳ ነው የከለከሉት። ስለ ቬትናም ያሉት ነገር የለም።"

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አክስቴ መግባት እንኳ አልጠበቀችም። ከደጁ ደረቷን እየደቃች ጀመረች፦

"ጎረቤቴ ነበርሽ በአንድ ግድግዳ፣
ምነው ሳትነግሪኝ ሄድሽ እንደ እንግዳ!"

እኔ ከኋላዋ ከልቤ እያለቀስኩ ነው። ጥፋተኛ ሰው ሲያለቅስ እንዴት እንደሚያምርበት! ጴንጤዋም ካርቶኑን እንዳቀፈች ታነባለች። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። የከፈቱት እማማ ናቸው። ሽርጥ አድርገዋል፣ ጭልፋ ይዘዋል።

"በኢየሱስ ስም!" ብላ ጴንጤዋ ውሃውን ለቀቀችው። ጠርሙሱ በደረጃው እየተንከባለለ ወረደ። እኔ ድስቱን አጥብቄ ያዝኩ፤ ከድስቱ ሌላ የምይዘው አልነበረኝም። አክስቴ ግን ሟቿን በቁማቸው ካየች በኋላም አንድ ሙሉ ስንኝ ጨርሳ ነው ያቆመችው። ኋላ ስጠይቃት "የጀመርኩትን አየር ላይ ልተወው?" አለችኝ።

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ልጅየው እየሮጠ መጣ። "ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"እናትህ!" አልኩት፣ እያለቀስኩ።

እናቱን ዞሮ አያቸው። ተመልሶ እኔን አየኝ።

ነገሩ ለካ የአባቱ ሙት ዓመት ኖሯል። በጨረቃ አቆጣጠራቸው በየዓመቱ ይዘከራል፤ ሰው ይጠራል፣ ሟች የሚወደው ሁሉ ይሠራለታል። እማማ ሦስት ቀን የጠፉት ወጥ ቤት ገብተው ነው። እሱም ዓርብ የቀረው ገበያ ለገበያ ሲያዞሩት ውለው ነው። "የመጨረሻዋ ስለሆነች ይሁን ብዬ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "ነገ መደርደሪያዋን አወርዳለሁ። ተነጋግረን ጨርሰናል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ግልግል ነበር። እማማ የልጃቸውን እጅ ጎትተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። እሱም ቀይ ሆኖ፣ በተሰባበረ ቬትናምኛ ነገራቸው። እማማ ሰሙና መሳቅ ጀመሩ። ሽርጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ በኋላም ወንበር እስኪቀርብላቸው ድረስ ሳቁ። እንግዶቹም ተከተሏቸው። ተገላገልን ብዬ ድስቴን ላስቀምጥ ስል እማማ አክስቴን በጭልፋቸው እያመለከቱ ሌላ ነገር ተናገሩ። ሳቃቸው ቆሟል። ልጅየው "ኖ" አላቸው። ክንዱን በጭልፋ መቱት።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"ለኔ ያመጣችውን ለእሱ ታልቅስለት ነው የምትለው።" ባርኔጣውን አወለቀ። "ለአባቴ ድምፁን አውጥቶ ያለቀሰለት ሰው የለም።"

እንደ ሥራ ሪፖርት ነው የነገረኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያኔ እሱ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ከአገር ሊያመልጡ ጀልባ ላይ ወጥተዋል፤ ጀልባዋ ጭቃ ያዛት። አባቱ ወርዶ ገፋ፣ ጀልባዋ ተላቀቀች። ያኔ የጥበቃዎቹ ሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ባለጀልባው አልጠበቀም። "አባቴ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር" አለ። "አባቴ አልገባም ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት እናቴ በእጇ አፈነችኝ። ብጮህ ሁላችንም እንያዝ ነበር። ዛሬ ቀኑ ነው።" መቃብር የላቸውም። ሬሳ አላዩም። ያቺ መደርደሪያ ናት ያለቻቸው።

እኔ "ጣለው" ያልኩት ይህንን ነው። "የሞተ አይርበውም" ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለሊፍት። በራሴ አፈርኩ፤ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ።

ለአክስቴ በአማርኛ ነገርኳት።  ጴንጤዋ መደርደሪያዋን እያየች "ይሄ ነገር ጣዖት እንዳይሆን..." ስትል ባንድ እይታ ዝም አሰኘቻት። ነጠላዋን አስተካክላ ፎቶው ፊት ቆመች። ሰውዬው ወጣት ነው፤ ፀጉሩን ወደ ጎን አበጥሮ ሊስቅ ሲል ተይዟል። አክስቴ ድምፅዋን ከሥር አነሳችው፦

"መሬት ቢሆን ኖሮ ይቆፈር ነበረ፣
ውሃ ምን ይባላል ሰው ይዞ የቀረ!"

እዚያ ቤት ከኔና ከጴንጤዋ በቀር አማርኛ የሚሰማ የለም። እማማ ግን ሁለተኛውን ግጥም አላስጀመሯትም። ከዚያች ከቀጭን ደረታቸው ያ ድምፅ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጮኹ። ጭልፋው ከእጃቸው ወደቀ። አክስቴ አቀፈቻቸውና አብረው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዙ አለቀሱ፤ እማማ በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ስም እየጠሩ። ካውቦዩ ያንን ድምፅ ሲሰማ በቡቱ ተረከዝ ላይ ቁጢጥ አለና አፉን በገዛ እጁ ያዘ። እማማ በዕንባቸው መሃል አዩት፤ ጎንበስ ብለው እጁን ከአፉ ላይ አነሱለት። ከዚያ በኋላ እሱም እንደ ስምንት ዓመት ልጅ አለቀሰ።

ለቅሶው ሲያበቃ በላን። አሳማ የሌለበት ምግብ ፍለጋ እማማ ራሳቸው ሳህን በሳህን እያሸተቱ ለእኔና ለአክስቴ ዓሣና ሩዝ ለዩልን። ጴንጤዋ ጌታ ሁሉን አንጽቷል ብላ ሁሉንም በላች። የኔን የቆርቆሮ ንፍሮ ሽማግሌዎቹ በቀጫጭን እንጨታቸው አንድ በአንድ እየለቀሙ ጨረሱት። አክስቴ ለሳምንት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ሰኞ ወደ ሥራ ስንሄድ መኪናው ውስጥ "ያን ዕለት ጣለው ያልኩህን ተወው" አልኩት። "መኪናህን ፈልጌ ነው ያልኩት።"

"አውቃለሁ" አለኝ። ራዲዮኑን ከፈተ። መደርደሪያዋ ትውረድ አትውረድ፣ እማማ ይሂዱ ይቅሩ፣ እኔም ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም። ለኔ አፍ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

ወሩ አለቀ። ዕቃ በሚያወጡበት ቀን ላግዛቸው ሄድኩ። ሶፋ ወረደ፣ አልጋ ወረደ፣ በሶብላው ከነባልዲው ወረደ፤ አንዱ ባልዲ ለአክስቴ ቀረላት። ሚስቱና ልጅቷ በራሳቸው መኪና ቀድመው ሄዱ። በመጨረሻ ካውቦዩ ቀይዋን መደርደሪያ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ ወረደ። እማማ ትንሽ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከኋላው ነበሩ። አክስቴ ደረጃው ላይ ቆማ በነጠላዋ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

እንደለመድኩት የፊተኛውን በር ከፈትኩ። ወንበሬ ላይ ፎቶው ተቀምጧል፣ ቤልት ታስሮለት።

"ዛሬ ከኋላ ነሽ" አለኝ።

ገባሁ። እማማ አጠገቤ ተቀመጡ። ሞተሩን አስነሳና ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ዞር ብሎ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጎኑ ያለውን ፎቶ አየ። አንድ ነገር ጠየቀ፣ በቬትናምኛ። በዚያች መኪና ውስጥ ያን ቋንቋ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ቋንቋውን ባላውቅም ጥያቄውን አውቀው ነበር፤ ስንት ወር ሙሉ ስቀልድበት የኖርኩት ጥያቄ ነው።

እማማ እጃቸውን ዘርግተው የፊተኛውን ቤልት ነካ አድርገው አዩት። ከዚያ በአንድ ቃል መለሱለት፤ እሱም ነዳው።